ያልተነበበላት ማስታወቂያ

ሚጣ የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ አንድ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች። በተጫነች ቁጥር ኮምፒውተሩ በቆርቆሮ ድምፁ ይመልስላታል፤ «የፈተና ፕሮግራም... የቤተ መጻሕፍት ሰዓት... የወላጆች ስብሰባ።» ከሦስት ሳምንት በፊት ይኸው ድምፅ በዚሁ ገጽ ላይ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ምስል»። ምስል፣ ምስል፣ ምስል። የምን ምስል እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሚጣ ዓይነ ስውር ናት። ስልኳንም ኮምፒውተሩንም የምትጠቀመው ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ በሚያነብላት ፕሮግራም ነው፤ «ለፍላፊው» ትለዋለች። ችግሩ የነበረው የትምህርት ቤቷ ድረ ገጽ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያውን ሁሉ በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይለጥፈዋል። ለፍላፊው ደግሞ ፎቶ ማንበብ አይሆንለትም። ዘንድሮ የመጡት የኮምፒውተር መምህር ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከክፍል በኋላ እየቆዩ የሁለት ዓመት ማስታወቂያ አንድ በአንድ በጽሑፍ ገለበጡት። እሷ ትሞክራለች፣ እሳቸው ያርማሉ። «ለእኔ ሁሉም ልክ ይመስለኛል» ብለዋታል፤ «ልክ መሆኑን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ።»

እስከዚያ ድረስ የምታነብላት ጓደኛዋ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው ያደጉት። ጓደኛዋ ማስታወቂያውን፣ ውጤቱን፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የተጻፈውን ቀልድ ሳይቀር እያነበበችላት ታስቃታለች። አምና በረጅሙ እረፍት ሬዲዮ ጣቢያ ገብታ ከሠለጠነች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ዝግጅት ታቀርባለች፤ ተማሪው ሁሉ «ሬዲዮ» ብሎ ይጠራታል።

ያን ቀን መምህሩ ስብሰባ ሲገቡ የአምናዎቹን ገጾች እንድትሞክርላቸው ነገሯት። «የሬዲዮ ሥልጠና፤ የተመረጡ ተማሪዎች» አለ ለፍላፊው። ሚጣ ልታልፈው ነበር፤ ይህን ታውቀዋለች። አምና ደረጃው ላይ ቆመው ጓደኛዋ ማስታወቂያውን ካነበበች በኋላ እጇን ይዛ «ስምሽ የለም። የኔ ግን ወጥቷል። አይዞሽ፣ ለከርሞ» ብላታለች። ሚጣም አቅፋት እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፤ ትራሷ ላይ ያለቀሰችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ለፍላፊው ግን ማንበቡን ቀጠለ። ሁለተኛው ስም የእሷ ነበር፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ስም። ወደ ኋላ መለሰችው። ደግሞ ጠራት። እስከ ዓርብ ቀርቦ ያልፈረመ ተማሪ እንደተወው ተቆጥሮ ቦታው ለአንደኛ ተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። አንደኛ ተጠባባቂዋ ጓደኛዋ ነበረች።

ሚጣ የዘንድሮውን የሥልጠና ማስታወቂያ ፈልጋ አስነበበችው፤ አምና ተመርጦ በራሱ ፈቃድ የተወ ተማሪ ዘንድሮ መመዝገብ አይችልም፤ ቅሬታ ያለው ለዳይሬክተሩ ይጻፍ ይላል። መምህሩ ተመልሰው ሲጠይቋት ሁሉም ደህና ያነባል አለቻቸው። ፊትሽ ምነው ሲሏት ራሴን አሞኝ ነው አለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጓደኛዋ እንደ ወትሮው ክንዷን አቀበለቻት፤ ስለ ቅዳሜው ዝግጅት፣ ማይክሮፎኑ ፊት ስላስነጠሰው ልጅ ታወራለች። የእንጨት ሥራ ቤቱን አልፈው የመጋዙ ጩኸት ከኋላቸው ሲቀር ሚጣ ቆመች።

«አምና ስሜ ወጥቶ ነበር» አለች።

የያዘችው ክንድ ደነደነ።

«ማን ነገረሽ?»

ሚጣ የጠበቀችው ሌላ ነበር። ተሳስተሻል ብትላት ምናልባት ታምናት ነበር።

«ማንም። ራሴ አነበብኩት።»

ጓደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰበችው፤ በማግስቱ ቀልዴን ነው ልትላት ነበር። ማግስቱ አለፈ፤ ዓርብ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አስጠርታ ጓደኛሽ ለምን አትፈርምም አለቻት።

«ምን አልሻት?»

«አትፈልግም... ብላለች አልኳት።»

ቦታው መወሰዱ አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ግን የባሰ ነው፤ ሚጣ ያላለችውን ጓደኛዋ በእሷ ስም ብላላታለች። እዚያው መንገድ ላይ እንደቆመች ያለፉት ዓመታት ሁሉ ተናዱባት። የሒሳብ ውጤቷ እውነት ሰባ ሁለት ነበር? ልጆቹ በልደቷ ካርድ ላይ የጻፉላትስ? ያ የበሩ ቀልድ እንኳ በሩ ላይ ነበረ?

«ቅሬታዬን ለዳይሬክተሩ እጽፋለሁ» አለች።

«ለዳይሬክተሩ ስትጽፊ ድረ ገጹ አይነበብልኝም ነበር በይ» አለች ጓደኛዋ አፍንጫዋን እየሳበች። «ውሸት አይደለም እኮ። የኔን ስም ካነሳሽ ከሬዲዮው ያባርሩኛል። ባይሆን እኔው እጽፍልሻለሁ።»

ሚጣ ክንዷን ለቀቀች። በትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችና ብቻዋን ሄደች።

እናቷ ነገሩን ሰምታ ጉድ አለች። ቆይታ ግን ያቺ ልጅ ስንት ዓመት አንብባልሻለች፣ እህትሽ ማለት አይደለች ወይ፣ ባትጎጃትስ አለች። እናቷ ያለችው እውነት ነበር፤ ሚጣን የከበዳትም እሱ ነው።

በማግስቱ ከክፍል በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ባዶ ነበር። ለዳይሬክተሩ የሚጻፍበትን ገጽ ከፍታ «በወቅቱ ድረ ገጹ አይነበብልኝም ነበር» ብላ ጻፈች። ለፍላፊው መልሶ አነበበላት። እውነት ነው። ግን ይህን ብቻ ብትልክ ስለ እሷ ምን እንደሚባል አሁንም የመረጠችው ጓደኛዋ ልትሆን ነው። ቀጠለች፤ ማን እንዳነበበችላት፣ ምን እንዳለቻት፣ ለጸሐፊዋም ምን እንደተናገረች ጻፈች። የጓደኛዋ ስም ላይ ስትደርስ ጻፈችው፣ አጠፋችው። ቅዳሜ ጠዋት ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ ትዝ አላት። ጥሩ ድምፅ ነው፤ እሷም ትወደው ነበር። ስሙን እንደገና ጻፈችው።

በሩ ተከፈተ። በእርምጃዋ አወቀቻት።

«ጻፍሽው?» አለች ጓደኛዋ ቀስ ብላ። «ሳትልኪው ላንብበው?»

«አይ» አለች ሚጣ። «ቁጭ በይና ስሚው።»

የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለች። የቆርቆሮው ድምፅ ባዶው ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ስሙ ሲጠራ አጠገቧ ያለው ወንበር ሲጢጥ አለ፤ የተነሳ ሰው ግን የለም። ሚጣ ድምፁ የመጨረሻው ቃል ላይ እስኪደርስ ጠበቀች፤ ከዚያም ላከችው።