ዘይት የነካው የመሰለ መስታወት

«ሸወደኝ! ዓይኔ እያየ ሸወደኝ!» አለ የቀጮ አጎት፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ።

ኮምፒውተሩ ላይ ትናንት በትምህርት ቤቷ አዳራሽ ያነሳቸው ፎቶዎች ተከፍተዋል። የሙዚቃ ክበቡ ልጆች መድረኩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ በየፊታቸው ግን አረንጓዴ የብርሃን ኳስ ተንሳፍፏል። አንዷማ አፏን ከፍታ ስትዘፍን ኳሱን ልትውጠው የደረሰች ትመስላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀጮ በሳቅ ትሞት ነበር። ቀጮ ያላት አጎቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፎቶ ቤቱ ገብታ ታግዘዋለች።

አጎቷ ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዘውን ክብ መስታወት፣ ፊልተሩን፣ ፈትቶ መብራት ሥር ያዘው። አምፖሉ እንዳለ፣ ነጭ ሆኖ መስታወቱ ላይ ታየ።

«አየሽ? ነጸብራቅ የሚከላከል ሽፋን ያለው ቢሆን ብርሃኑን አሳልፎ ይሰደው ነበር፤ የሚታይሽም ደብዘዝ ያለ ወይንጠጅ ብቻ ነበር። ይሄ ባዶ መስታወት ነው፤ የመድረኩን መብራት መልሶ ሌንሱ ውስጥ ያንጸባርቀዋል። መላጣው ሽፋን አለው ብሎ ባዶውን ሸጠልኝ!»

መላጣው የካሜራ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የአጎቷ አብሮ አደግ። ሳይተያዩ የሚያድሩበት ቀን ጥቂት ነው።

ቀጮ ክው አለች። ከትናንት በስቲያ ካሜራውን ስታጸዳ ፊልተሩ ላይ ወይንጠጅና አረንጓዴ ነገር ሲያብረቀርቅ አይታ፣ ዘይት የነካው እጅ ያረፈበት መስሏት ነበር። በጨርቅ ብትወለውለው፣ እፍ ብትልበት፣ እምቢ አላት። እልህ ያዛትና የጥርስ ሳሙና ቀብታ ስትፈገፍገው ቆየች፤ በመጨረሻ ጥርት አለላት። እንዲያውም አጎቴ ሲያየው ይመርቀኛል ብላ ነበር። ለካ ፈግፍጋ ያስለቀቀችው ሽፋኑን ኖሯል።

መስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ ጨርቁ ያልደረሰበት ቦታ፣ ክር የምታክል ወይንጠጅ ቀርታለች። እሷ ታያታለች። አጎቷ ግን ያለ መነጽር የገዛ ጥፍሩን እንኳ አያይም፤ መነጽር ያስረጃል ብሎ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ነይ፣ አብረን እንሂድ» አላት። «ምስክር ትሆኚኛለሽ።»

መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል እኮ» ብላ ሞከረች።

«እሱ? በዕቃ ተሳስቶ አያውቅም» አለና እርምጃውን አፈጠነ።

መላጣው ገና ከበሩ ሲያያቸው ፊቱ በራ። «ዛሬማ ረዳትህንም ይዘህ መጣህ!» አለ። አጎቷ ሰላም ሳይለው ፊልተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«እንዲህ ያለው ለባዳ እንኳ አይደረግም።»

መላጣው ፊልተሩን መብራት ሥር ይዞ አገላበጠው። ፈገግታው ጠፋ።

«እኔ የሰጠሁህ ሽፋን ያለውን ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ሲደርስ ተለወጠ?»

«ሌባ ነህ እያልከኝ ነው?»

አጎቷ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ በሩ ዞረ።

መላጣው ከመሳቢያ አዲስ ፊልተር አወጣና ከአሮጌው ጎን ጥቁር ጨርቅ ላይ አኖረው። «አንተን አላናግርህም፤ ልጅቷ ትፍረድ። ሽፋን ያለው የቱ እንደሆነ ትንገረን። ከዚያ አዲሱን ይዘህ ሂድ፤ ሁለተኛ ግን እዚህ ሱቅ እግርህ እንዳይረግጥ።»

«አይረግጥም!» አለ አጎቷ።

ቀጮ ቀና ብላ አየቻቸው። አንዱ ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ መደርደሪያው ዞሮ ቆሟል። እንዲህ ተኮራርፈው አይታቸው አታውቅም። አንጀቷን በሉት፤ በራሷ ዝምታም አፈረች። ጨርቁ ላይ አዲሱ ፊልተር ልክ ዘይት እንደነካው ያብረቀርቃል።

«እሺ ቀጮ፣ የቱ ነው?» አለ አጎቷ።

«ሁለቱም።»

«ምን?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አሮጌውን ፊልተር አነሳች። ወይንጠጇ ክር ወደ አጎቷ እንድትሆን አዙራ ዘረጋችለት።

«ጋሼ» አለች፣ «መጀመሪያ መነጽርህን አድርግ።»