ስመኝና ዥዋ ዥዋ የሚለው ድልድይ

ከወንዙ ማዶ እልልታ ተሰማ። ስመኝ በጣቶቿ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!

«ሰባት እልልታ! ወንድ ልጅ ነው! ወንድም አገኘሁ!» ብላ ዘለለች።

እናቷ የወለደችው ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ስመኝ ወንድሟን ዛሬውኑ ማየት ፈለገች።

አክስቷ ጥሩወርቅ ለአራሷ ገንፎ አገነፋች። ቅቤ አፍስሳበት ድስቱን ተሸከመች።

ዘጠኝ ጎረቤት ሴቶች ተከተሏት። ስመኝ አሥራ አንደኛ ሆነች።

ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ረጅሙ ድልድይ ጠበቃቸው። ከሥሩ እግር የለውም፤ በወፍራም የብረት ገመድ ተንጠልጥሏል።

ነፋስ ከገደሉ ውስጥ መጣ። ሽው! ሽው!

ድልድዩም ዥዋ... ዥዋ... አለ።

«እኔ አልሻገርም!» አለች ስመኝ።

የድልድዩ ጠባቂ ጋሽ ደምለው ሳቁ። «አይዞሽ ልጄ! ነፋስ ሲገፋው እንደ ሸንበቆ ዘንበል ይልለታል። የሚሰበረው ድርቅ ያለው ነው። እስኪያልፍ ትንሽ እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ነፋሱ ጸጥ አለ።

አንድ አህያ ጤፍ ተጭና ተሻገረች። ኳ! ኳ! ኳ! ድልድዩ ትንሽ ብቻ ዥዋ አለ።

«እሷ ከተሻገረች እኔም እሻገራለሁ» አለች ስመኝ።

ሴቶቹ ድልድዩ ላይ ወጡ። ደስ ብሏቸዋልና መዝፈንና ማጨብጨብ ጀመሩ። ቸብ! ቸብ!

እግራቸውም ጭብጨባውን ተከተለ። ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!

ድልድዩም ዥዋ... ዥዋ... ዥዋ... አለ!

ስመኝ የብረት ገመዱን ጨበጠች። ድስቱ ጋደለ። ቅቤው ጠብ! ጠብ! አለ።

«ኧረ የአራሷ ቅቤ! ኧረ ጉድ!» አለች ጥሩወርቅ።

ስመኝ ነፋሱን ፈለገችው። የለም! ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

«ታዲያ ማን ነው የሚገፋው?»

ወደ ታች አየች። የሴቶቹ ሃያ እግሮች እኩል ይነሣሉ፤ እኩል ያርፋሉ። ኳ! ኳ!

ስመኝ ዥዋዥዌ ትወዳለች። ዥዋዥዌው በተመለሰ ቁጥር ሲገፏት ከፍ፣ ከፍ እንደምትል ታውቃለች።

«እትዬ! እኛ ነን! እኛው ነን የምንገፋው!» ብላ ጮኸች።

«ልጅቷ እውነቷን ነው!» አሉ ጋሽ ደምለው ከዳር ሆነው። «ቁሙ! ዘፈኑን ማዶ ጨርሱት! እዚህ ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሂድ!»

ሁሉም ቆሙ። ድልድዩም ዥዋ... ዥዋ... ዥ... ጸጥ።

ከዚያ እንደገና ተራመዱ። አንዷ ፈጠን፣ አንዷ ዘግየት። ኳ! ኳኳ! ... ኳ!

«የሰከርን መሰልን እኮ!» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ምሰዪ ግዴለም! ብቻ ተሻገሪ!» አለቻት ጥሩወርቅ። ሁሉም ሳቁ።

ስመኝ ሳንቃዎቹን እየቆጠረች ሄደች። ድልድዩ ትንሽ፣ ትንሽ ይነቃነቃል። እሷ ግን አልፈራችም።

ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ! ማዶ!

ስመኝ ዞር አለች። «ጋሽ ደምለው! እግዜር ይስጥልኝ!»

«አሜን! ወንድምሽን ያሳድግልሽ!»

የብረት ገመዱንም ዳሰሰችው። «አንተንም እግዜር ይስጥህ» አለችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ። ከገንፎው ቅቤ ግማሹ ቢጎድልም ማንም አልተከፋም።

«ስመኝዬ! ማን አዝሎ አሻገረሽ?» አለች እናቷ።

«ማንም! በእግሬ መጣሁ።»

እናቷ ግንባሯን ሳመቻትና ሕፃኑን እቅፏ ላይ አኖረችላት። እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል።

«ተመስገን» አለች ስመኝ፣ ቀስ ብላ።

ሕፃኑ አዛጋ። ስመኝም አዛጋች።