የቀጸላ ሽርጥ

በገምዛ ቤተ መንግሥት ሥር የታሰረው ጉርማ፣ ተራራ የሚያህለው ዘንዶ፣ በዚያ ማለዳ ሲገላበጥ ሰንሰለቱ እንደ ሰው ጮኸ። አንዱ ቀለበት ተሰንጥቋል። ሰንሰለቱን የሚጠግኑት አንጥረኞች ግን የቤተ መንግሥቱ ንቀት መርሯቸው አንድ በአንድ አገር ጥለው ሄደዋል፤ የቀሩት ሽማግሌው ቀጸላ ብቻ ናቸው።

ንጉሥ አርዳሞን ወጣቷን የጦር አለቃ ዜምራን አስጠሩ።

«ወደ ሻማት ተራራ ውጪ። የዚያን አገር አንጥረኞች በወርቅ አባብለሽ አምጪልኝ።»

በሻማት ወግ፣ አንጥረኛ የሚፈልግ ጌታ አስቀድሞ የነባር ሠራተኛውን ሽርጥ ይልካል፤ የሰው አያያዙ የሚታየው በዚያ ነው። ንጉሡም ዳሩ በሐር የተጠለፈ አዲስ ሽርጥ አሰፍተው ሰጧት። ቀጸላ በበኩላቸው፣ «ልጄ፣ ተራራው ላይ ይበርዳል» ብለው የራሳቸውን የቆዳ ሽርጥ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

ዜምራና መንገድ መሪዋ ጎልጃ የበረዶውን ቋጥኝ ሲሻገሩ በቅሎዋ ከነጭነቷ ገደል ገባች።

«ወርቁስ ይሁን» አለ ጎልጃ ቁልቁል እያየ፤ «ስንቄ ምን በደለ?»

የአንጥረኞቹ አለቃ እመት ዋርዳ ባለ ሐሩን ሽርጥ ተቀብለው አሸተቱት።

«ጭስ አልነካውም። ማንም አልለበሰውም» አሉ። ዓይናቸው ዜምራ የደረበችው ላይ አረፈ፤ በጆንያ የተጣፈ፣ እሳት የበሳሳው። «ይህስ የማን ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ከተማዋ በሙሉ ከዘንዶው ራስ በላይ ነው የተኛችው። ነገር ግን ሴትዮዋ ቆዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር።

«የቀጸላ ነው፤ የቀሩን አንጥረኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

«የራሱን ሰው እንዲህ የያዘ እኛን ምን ሊያደርገን ነው? በሰላም ግቢ፣ ልጄ።»

ዜምራ ባዶ እጇን ተመልሳ የቀጸላን ሽርጥ በሹማምንቱ ፊት ከንጉሡ እግር ሥር አኖረችው፤ የተባለውንም ሳትቀንስ ተናገረች። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ንጉሡ ሽርጡን አነሡት። ከዚያ ካባቸውን አውልቀው ሽርጡን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጉርማ ወደታሰረበት ጕድጓድ ወረዱ።

«ከሰል የለም» አሉ ምድጃው ጋ የቆሙት ቀጸላ። «ከሰል አክሳዮቹም ሄደዋል።»

«ዙፋኑን አውርዳችሁ ፍለጡት» አሉ ንጉሡ፤ ወናፉንም ያዙ።

«በሉ ይንፉ» አሉ ሽማግሌው። «እዚህ ታች የሚነግሠው እሳቱ ነው።»

ተከትላቸው የወረደችው ዜምራ የጋለውን ቀለበት በጉጠት ያዘች። ጉርማ እሳት ተነፈሰ። ቀጸላ ጀርባቸውን ለነበልባሉ ሰጥተው፣ እሷን ከልለው መቱ፤ ቀለበቱ እስኪገጥም መቱ። መዶሻው ሲወድቅ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ዜምራ ጉጠቱን ስትለቅ የቀኝ መዳፏ ቆዳ አብሮት ተላጠ።

በማግስቱ ንጉሡ ሽርጡን ሳያወልቁ የቀጸላን አስከሬን በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ፣ እመት ዋርዳ ከነወገኖቻቸው ከተማው በር ላይ ቆመው ነበር። ጎልጃ ሌሊቱን ገስግሶ ተራራውን ወጥቶ፣ ጕድጓዱ ውስጥ ያየውን ነግሯቸዋል።

«ከእንግዲህ ሰንሰለቱን የሚይዝ ሰው ከእኔ በፊት እንጀራ ይበላል» አሉ ንጉሡ። «ይህን ብክድ ምድር አትቀበለኝ።»

እመት ዋርዳ ጎንበስ ብለው የሽርጡን ጫፍ አነሡና አሸተቱ። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ።

«ዕቃችሁን አውርዱ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ቃሬዛውን ተቀበሏቸው።»