ስድስት ቁጥር ኮዳ

ውዴ የስድስት ቁጥሩን ኮዳ ክዳን ፈታ አድርጋ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በሶ ነው። ያደረ፣ የኮመጠጠ በሶ።

«ትርንጎ!»

ትርንጎ ባደሩበት የወረታ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ የብስክሌቷን ጎማ ትነፋ ነበር። ቀና አላለችም።

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉትን አጥቤያለሁ ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

«አዎ፣ አጥቤያለሁ።»

«እስቲ ይችን አሽትቻት።»

ትርንጎ አላሸተተችም። መንፊያውን አስቀመጠች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እጄ ተልጦ ነበር እኮ፣ ውዴ። ከደብረ ታቦር እስከዚህ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ስጨብጥ ነው የዋልኩት። ትንሽ ጋደም ብዬ እነሣለሁ ስል እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ዝም ብዬ ውኃ ሞላሁባቸው።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

ውዴ ክው አለች። የኮዳ ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። በዛሬው ቀን ሥር፣ በዘጠኙም ቁጥሮች ፊት «ታጥቧል» ብላ የፈረመችው ራሷ ናት።

ስምንት ተማሪዎችና አንድ መምህር ናቸው፤ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በብስክሌት ሄደው የላብ አደሮች ቀን ሲከበር ስታዲየም ሊገቡ። ቀበሌው ዘጠኝ አረንጓዴ የፕላስቲክ ኮዳዎች አውሷቸዋል። ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ሴቶች ናቸው፤ እነሱንም ለማስፈቀድ መምህር አድማሱ በየቤቱ ሽማግሌ ልከው ለምነው ነው። ርእሰ መምህሩ በመጨረሻ እሺ ያሉት ኮዳዎቹን የማጠብና የመሙላት ሥራ ሴቶቹ ይያዙ ብለው ነው። «አንድ ልጅ በውኃ ቢታመም ግን በመጀመሪያው መኪና ትመለሳላችሁ» ብለዋል።

ትርንጎ በዚህ ተናዳ ነበር። ውዴ ግን አልተናደደችም። ታላቅ ወንድሟ መርሻ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምር ዘምቶ ከጠጣው ውኃ ታይፎይድ ይዞት የመጣ ጊዜ፣ አርባ ቀን ሙሉ በማንኪያ ያጠጣችው እሷ ናት። ያ ወንድሟ፣ ያ ኳስ የሚያንቀረቅብ ልጅ፣ ግድግዳ ተደግፎ መቆም አቅቶት አይታዋለች። ስለዚህ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ነበረች፤ በኮዳ ውስጥ ከውኃ በቀር ምንም አይገባም፤ ማታ ማታ በሳሙናና በጠጠር ተንጦ ይታጠባል፤ ጠዋት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይሞላል፤ ከዚያ ይፈረማል። ወንዶቹ «ጓድ ኮዳ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

«እባክሽ እንዳትናገሪ» አለች ትርንጎ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባቴን ታውቂያቸው የለ? አንዴ ከመንገድ ከመለሱኝ ሁለተኛ ከደጅ አያስወጡኝም። ደግሞ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ማን ይሞታል?»

በዚህ መሐል ፊሽካ ተነፋ። መምህር አድማሱ ብስክሌታቸው ላይ ወጥተዋል። «ቶሎ በሉ፣ ልጆች! ሦስት ሰዓት ላይ የሐሙሲት ተማሪዎች ይጠብቁናል!» ከወንዶቹ አንዱ፣ ካሳሁን፣ መጥቶ ኮዳውን ከእጇ ወሰደና ከኮርቻው ኋላ አሠረው። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያለች ስትታገል፣ ሰልፉ ከግቢው ወጣ።

የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ብስክሌቱን መግፋት አያስቸግርም። ያን ቀን ግን የውዴ እግር እንደ ብረት ከበዳት። እሷ የሰልፉ መጨረሻ ናት። ከፊቷ ካሳሁን፣ ከካሳሁን ኋላ ስድስት ቁጥር ኮዳ በየኮረኮንቹ ላይ ይዘላል። መምህር አድማሱ ፊሽካ እስኪነፉ ድረስ መጠጣት ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ፊሽካ የሚነፋው ደግሞ ጉማራ ድልድይ ላይ ነው።

ምናልባት ምንም አይሆኑ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። አገር ሁሉ ባልታጠበ ዕቃ አይደል የሚጠጣው? እንዲህ ብላ ትንሽ ቀለል ሲላት ስምንት ቁጥር ትዝ አላት። ትናንት ስምንት ቁጥርን የያዘው ልጅ፣ ጌጡ፣ ጠማኝ ብሎ ያን ኮዳ ከብት ቆሞ ከሚጠጣበት ጅረት ሞልቶት ነበር። ተቆጥታ አስደፍታዋለች። «ዛሬ ማታ በደንብ ይታጠባል» ያለችውም እሷ ናት።

«ጊዮርጊስ አባቴ፣ ድልድዩን አርቅልኝ» አለች በልቧ።

ድልድዩ ግን አልራቀም። ፊሽካው ተነፋ። ከድልድዩ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ሁሉም ብስክሌታቸውን አጋደሙ። ጌጡ ክዳኑን ፈትቶ ኮዳውን ወደ አፉ ሲያነሣ፣ የውዴ ብስክሌት ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ተንኳኳ።

«አትጠጣ!»

ካሰበችው በላይ ጮኻ ኖሯል። ሁሉም ዞሩ።

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ የያዛችሁ አትጠጡ። ኮዳዎቹ አልታጠቡም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብሎ ጌጡ ሳቀ። «እኔ እንደሆን መንገድ ላይ ተደብቄ ሁለቴ ተጎንጭቻለሁ።» አብሮት የሳቀ የለም። የእሱም ሳቅ ብዙ አልቆየም፤ እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

መምህር አድማሱ ደብተሩን ተቀብለው ገለጡ። «ታጥቧል ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

ይህ እውነት ነበር። ወደ ትርንጎ አልዞረችም።

«ድሮም ሴቶቹ ይቅሩ ብለን ነበር» አለ ካሳሁን።

«አንተ ደግሞ በኮዳ በሶ በጥብጥ ያለህ ማነው?» አሉት መምህር አድማሱ። ከዚያ ወደ ውዴ ዞሩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር። «ጌጡን ሐሙሲት ጤና ጣቢያ እናሳየዋለን። ያንቺንም ነገር እዚያው እንነጋገራለን። ምናልባት በመኪና ትመለሻለሽ።»

ውዴ እንባዋን መያዝ አቃታት። ያም ሆኖ አራቱን ኮዳዎች ሰብስባ ወደ ሻይ ቤቷ ገባች።

«እትዬ፣ የፈላ ውኃ ይሰጡኛል? ኮዳ ላጥብበት ነው።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ስድስት ቁጥርን አሸተቱና «ኤዲያ!» አሉ። «በሶ ያደረበትን ዕቃ በውኃ ብቻ? በግራዋ ካልታሸ አይለቅሽም፣ ልጄ።» ከአጥራቸው ላይ የግራዋ ቅጠል ቀንጥሰው አመጡላት፤ ጀበናውንም ማንቆርቆሪያውንም ለቀቁላት።

ውዴ ደጅ ተቀምጣ ቅጠሉን በጣጥሳ ከጠጠርና ከትኩስ ውኃ ጋር ስድስት ቁጥር ውስጥ ጨመረችና መናጥ ጀመረች። ሰባት ቁጥርን ሁለት ጊዜ ናጠች፣ አለቀለቀች። ስምንት ቁጥር ላይ ስትደርስ አንድ ሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ትርንጎ ናት። የተላጠ እጇን በሻሿ ጠቅልላ ዘጠኝ ቁጥርን አነሣች። ትንሽ ናጠችውና አቆመች።

«ጋሼ» አለች። «አራቱም የኔ ድርሻ ነበሩ። አጥቤያለሁ ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

መምህር አድማሱ ሁለቱንም አዩዋቸው። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ብዙ ሳይቆይ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ይዘው መጡ። «በሉ፣ ይበቃል። ፈርሚና እንሂድ፤ የሐሙሲት ልጆች አደባባይ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁን ነው።»

ወንዶቹ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ኮርቻቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። ውዴ ሰባትን አሸተተችና ፈረመች። ስምንትን አሸተተችና ፈረመች። ዘጠኝንም። ስድስትን ከፍታ ስታሸት፣ መጀመሪያ የመጣላት የግራዋው ምሬት ነው። እንደገና አሸተተች። ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ አንድ ኮምጣጣ ነገር አለ። ሌላ ሰው ላያገኘው ይችላል።

«ኧረ በቃሽ!» አለ ካሳሁን። «የኔ ኮዳ አይደል? እኔው ልጠጣው!»

ሁሉም እጇን ያያሉ። ትርንጎም ታያለች።

ውዴ እስክሪብቶውን ለመምህር አድማሱ መለሰችላቸው።

«ይችኛዋ ገና ናት፣ ጋሼ» አለችና ጠጠር ለመልቀም ጎንበስ አለች።