የእታለም ሰርተፊኬት

«ጫማሽን አታወልቂም?» አለች ድንቢጥ፣ ከሒሳብ ደብተሯ ቀና ሳትል።

ቀና ስትል ታላቅ እህቷ የሕፃናት መዋያውን አረንጓዴ ሽርጥ እንደታጠቀች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሽርጡ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። መዳፎቿን ወደ ላይ አድርጋ ጭኗ ላይ ዘርግታቸዋለች፤ የሰው አደራ ተቀብላ የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ትመስላለች።

«እታለም?»

«ጉንጮን ትን አለው» አለች እህቷ።

ድንቢጥ ጉንጮን በዓይኗ አይታው ባታውቅም በወሬ አብጠርጥራ ታውቀዋለች። እታለም መዋያው ውስጥ ሞግዚት ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ስሙ ሳይነሳ እራት ተበልቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ከእታለም ክንድ በቀር ሌላ ቦታ አልተኛም የሚል ልጅ ነው።

«ወይን ፍሬ ነው። ከየት እንዳገኘው እንጃ። ዞር ስል አፉን ከፍቷል፤ ግን ድምፅ የለም። ድንቢጥዬ፣ ምንም ድምፅ የለውም! ፊቱ ጠቆረ። እኔ…» እጆቿን አየቻቸው። «እኔ አነሳሁት። በቃ። እጅ እግሬ ተሳሰረ። ስሙን ብቻ እጠራለሁ።»

«ከዛስ?»

«ከዛ ራሱ አስመለሰው። ወይኑ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ፤ እሱም ማልቀስ ጀመረ። ዳይሬክተሯ ሮጠው ሲገቡ እኔ አቅፌዋለሁ፣ ወይኑ እግሬ ሥር ነው።»

«አሁን ደህና ነው?»

«ሐኪም አይቶታል። ምንም አልሆነም።»

ድንቢጥ አንድ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ ታውቃለች። ድንጋጤ፣ ወይም እፎይታ፣ ወይም ሌላ። ግን ጥርስ ሐኪም ቤት መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆነባት፤ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ አለ፣ ሲነኩት ግን አይሰማም። እርሳሷን ደብተሩ መሃል አስገብታ ዘጋችው።

«እንዲህ ሲሆን ቪዲዮው ምን አድርጉ ነበር የሚለው?» አለች እታለም።

ድንቢጥ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምንም ትዝ አላላትም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እታለም ትምህርት ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ጫማ ስትጨርስ ከረመች። መዋያው ሞግዚት ይፈልጋል ሲባል፣ የሕፃናት የመጀመሪያ ርዳታ ሰርተፊኬት ያላት ትቀድማለች ተባለ። ሥልጠናው በኦንላይን ነው፤ ቪዲዮ ታይቶ ፈተና ይወሰዳል። እታለም ልጅ አስተኚ ቢሏት ሰፈሩን ሁሉ ታስተኛለች፤ ስክሪን ላይ ዓይንሽን ተክለሽ ተቀመጪ ቢሏት ግን ራሷ ናት የምትተኛው። «አንቺ ፈተና እንደ ከረሜላ ነው የምትወጂው፤ በናትሽ» አለቻት ድንቢጥን። ድንቢጥም ወደደች እንጂ አልተግደረደረችም። ዝናብ ከቤት ባላስወጣበት ከሰዓት በኋላ ቪዲዮዎቹን እያሯሯጠች አለፈቻቸው፤ ጥያቄዎቹን የማይመስለውን መልስ እየጣለች፣ የሚመስለውን እየመረጠች ሠራቻቸው። ዘጠና ስድስት ከመቶ።

ከዚያ እታለም ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ያላትን ፕሮፋይልም ያሳመረችላት ድንቢጥ ናት። ፎቶውን መረጠች፤ ሰርተፊኬቱን ማንም ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ ሰቀለችው። ከጎኑ «የተረጋገጠ» የሚል ሰማያዊ ምልክት ወጣለት። ከሥሩም «የሕፃናት ደህንነት የልቤ ጥሪ ነው» ብላ ጻፈች። ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወዳት ነበር። እታለም በሳምንቱ ተቀጠረች።

ጉንጮ ትን ባለው ማግስት ዳይሬክተሯ በመዋያው ገጽ ላይ ጽሑፍ አወጡ። «በሠራተኛችን ኮራን» ይላል። ሞግዚቷ በሠለጠነችበት መሠረት ፈጥና በመድረሷ የሕፃን ሕይወት ተረፈ፤ እኛ የምንቀጥረው ሰርተፊኬት ያላቸውን ብቻ ነው፤ ይኸው ተመልከቱ። ከሥሩ የእታለም ፕሮፋይል ተያይዟል። አስተያየቱ ጎረፈ። «ጀግና!» «እጅሽ ይባረክ!» «ልጆቻችንን እንዲህ ላለችው ነው መስጠት!» የጉንጮ እናት ምንም ቃል አልጻፈችም፤ የልብ ምልክት ብቻ ነው ያስቀመጠችው።

«አልነገርሻቸውም?» አለች ድንቢጥ።

«መቼ? ገና አፌን ሳልከፍት አቀፉኝ። የልጁ አባት እጄን ይዞ አለቀሰ፤ ትልቅ ሰውዬ። ምን ልበለው?»

እናታቸው በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ስልኳን ለጎረቤት ታሳያለች። «እይማ፣ ይህቺን ነው የወለድኩት! ሥራ ፈት ሲሏት ከረሙ፤ ይኸው ነፍስ አዳነች። ስም ከመቃብር በላይ ነው!» ድምፅዋ እስከ ጓዳ ይሰማል። እታለም ትራሱን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ድንቢጥ የተቆረጡ ጨርቆችን ከወለሉ ለቅማ ማዳበሪያው ውስጥ ከተተች። ማንም አላዘዛትም። እጇ ሥራ ሲይዝ ይቀላታል እንጂ፣ ውስጧ ያው ነው። ትምህርት ቤት ጓደኛዋ «እህትሽ ፌመስ ሆነች እኮ! አቦ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያኮራርፍሻል?» ስትላት «እንቅልፍ አልጠገብኩም» ብላ አለፈቻት። ውሸትም እውነትም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እታለም ስትገባ ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ እንደገና ፈትታ አጣጠፈችው።

«ቅዳሜ ለሌሎቹ ሞግዚቶች አሳዪልን አሉኝ።»

«ምኑን?»

«ትንታን ነዋ። እንዴት እንዳዳንኩት!» ሳቀች። «ወላጆችም ይመጣሉ። ድንቢጥዬ፣ ጻፊልኝ። መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን ብለሽ፤ እኔ እሸመድደዋለሁ። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እሺ» አለች ድንቢጥ፤ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

በእታለም ስም ገብታ ሥልጠናውን ከፈተችው። ከፈተናው ሥር ያገኘችውና የሳተችው መልስ ተዘርዝሯል፤ ያኔ ዘጠና ስድስቱን አይታ ነው የዘጋችው። አሁን ወደ ታች ወረደች። ቀይ ምልክት የተደረገበት ጥያቄ አገኘች። ስለ ትንታ ነው። ድምፅ ማውጣት ስላቃተው ሕፃን።

ከሥሩ ያለውን ሰባት መስመር ማብራሪያ አነበበች። ከዚያ ትራሱን ክንዷ ላይ ደፋችውና በመዳፏ መታችው። ቀስ ብላ። ጠንከር አድርጋ። ምን ያህል ነው ጠንካራ የሚባለው? ትራስ አያለቅስም፣ ፊቱም አይጠቁርም። አንድ ዓመት ላልሞላው እንዲህ፣ ለሞላው እንዲያ ይላል፤ ሌሎቹ የመዋያው ልጆች የትኞቹ ናቸው? እጇ ትራሱ ላይ እንዳለ ቀረች። መፍራት እንዳለባት ታውቃለች። አልፈራችም። እናቷ ስትጠራት ሄዳ እራቷን በላች፤ ጨው ይኑረው አይኑረው እንኳ አላወቀችም።

እታለም ሳህኖቹን ስታጥብ፣ ድንቢጥ ማድረቂያውን ጨርቅ ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«አልጽፍልሽም» አለች።

«ምን?»

«እኔም አላውቀውም፤ ያንን ጥያቄ ስቼዋለሁ። ዘጠና ስድስት የሆነው ሌላውን አግኝቼ ነው።»

እታለም ውሃውን ዘጋችው። «ታዲያ ከቪዲዮው ገልብጪያ! ማን ይፈትሻል?»

«ማንም።»

«ይህ ሥራ ከሄደ ሌላ አላገኝም፤ ታውቂያለሽ። ግድግዳ እያየሁ ስውል አብረሽኝ አልነበርሽም? እማዬ ምን ትሆናለች? በሰፈሩ ሁሉ ለፍፋ!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ድንጋይ ነሽ እንዴ? ምን ሆነሻል?»

ድንቢጥ ሳህኑን አገላብጣ አደረቀችው። «ሞግዚቶቹ ያምኑሻል» አለች ዝግ ብላ። «ሌላ ልጅ ትን ሲለው አንቺ ያልሻቸውን ነው የሚያደርጉት። አንቺ ደግሞ እኔ ያልኩሽን።»

እታለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ግን ትንፋሿ ያስታውቃል።

ጠዋት ሁለቱም ሳይነጋገሩ ለበሱ። እናታቸው ስፌቷ ላይ አቀርቅራ «በደህና ዋሉ» አለቻቸው። መንገዱ እስከ ዳቦ ቤቱ አንድ ነው፤ ከዚያ ድንቢጥ ወደ ቀኝ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ እታለም ወደ ግራ ወደ መዋያው ይለያያሉ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ድንቢጥ ወደ ግራ ታጠፈች።

«ትምህርት ቤትሽ በዚያ ነው» አለች እታለም።

«አውቃለሁ።»

እታለም ተመለሺ አላለቻትም።

መዋያው ገና ጸጥ ብሏል። ትናንሽ ጫማዎች የሚደረደሩበት መደርደሪያ ባዶ ነው። ድንቢጥ እህቷ በቀጥታ ወደ ልጆቹ ክፍል የምትገባ መስሏት ነበር፤ እታለም ግን አለፈችውና የዳይሬክተሯን በር አንኳኳች።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኮምፒውተራቸውን እየከፈቱ ነው። «ነይ፣ ነይ የኔ ጀግና! ስለ ቅዳሜ ላናግርሽ ነበር። ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

እታለም አፏን ከፈተች። ምንም ድምፅ አልወጣትም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጆቿ ግን አየር ላይ ቀርተዋል። ድንቢጥ ጉንጮ ትን ባለው ዕለት ክፍሉ ውስጥ እህቷ እንዴት ሆና ቆማ እንደነበር አሁን ገባት።

«እህቷ ነኝ» አለች ድንቢጥ። «ፈተናውን የተፈተንኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ፈተና?»

«ሰርተፊኬቱን። ስሙ የእሷ ነው። ቪዲዮውንም ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም በደንብ አላየሁትም።»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ድንቢጥን አላዩዋትም፤ እታለምን ነበር የሚያዩት።

«ወይኑስ?» አሉ። «ማን አወጣው?»

«ራሱ» አለች እታለም፤ ድምፅዋ በመጨረሻ ተገኘ። «እኔ ያዝኩት እንጂ ምንም አላደረግሁለትም። ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ልነግርዎት… ሁሉም ሲያቅፈኝ አቃተኝ።»

ዳይሬክተሯ ኮምፒውተራቸውን መልሰው ዘጉት። ሲናገሩም አልጮኹም፤ ድንቢጥ ቢጮኹ ትመርጥ ነበር።

«ይህንን ለወላጆቹ እኔ ነኝ የምነግራቸው። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ። ቅዳሜ አሠልጣኝ እጠራለሁ፤ አንቺ እንደማንኛዋም ተቀምጠሽ ትማሪያለሽ። እስከዚያ ልጆቹ ክፍል አትገቢም። ከዚያ በኋላ ስላለው ቃል አልገባልሽም።»

«እሺ።»

«ያንን ሰርተፊኬት ደግሞ ከገጽሽ ላይ አንሺው።»

እታለም ስልኳን አወጣች። የመሰረዣውን ምልክት ሁለቴ ሳተችው። «ይሰረዝ?» ብሎ ሲጠይቃት ለአንድ አፍታ ቆየች፤ ነካችው። ገጹ ላይ ፎቶዋና ድንቢጥ የጻፈችላት ዓረፍተ ነገር ቀሩ። እታለም አየችውና እሱንም ሰረዘችው።

ሦስቱም ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ልጆች መግባት ጀምረዋል። አንድ ወፍራም ልጅ ከአባቱ ክንድ ላይ ሆኖ እታለምን ሲያይ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ጉንጩን አይታ ድንቢጥ ወዲያው አወቀችው። አባትየው ፈገግ ብሎ «ከእሷ ሌላ አልሄድም አለ እኮ» ብሎ አቀበላት። እታለም ወደ ዳይሬክተሯ ዞር ብላ አየች። ዳይሬክተሯ አልከለከሉም፣ እሺም አላሉም። ልጁን አንገቱ ሥር ሳመችው፤ ከዚያ ለሌላዋ ሞግዚት ሰጠችው። ጉንጮ ክፍሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወደ እሷ እየተንጠራራ አለቀሰ። ትልቅ ድምፅ ነው ያለው።

ድንቢጥ ግድግዳውን ያዘች። ጣቶቿን ነዘራት፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚያደርገው። አመማት።

«ትምህርትሽ ረፍዶብሻል» አሉ ዳይሬክተሯ። «ሂጂ አሁን።»

ድንቢጥ ቦርሳዋን አስተካክላ እስከ በሩ ሄደች። በሩን ከፈተችው። ከዚያ ሳትወጣ ዞረች።

«ቅዳሜ እኔም ልምጣ?»

ዳይሬክተሯ የደንብ ልብሷን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሰዓቱን እህትሽ ትነግርሻለች» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።