የሚሳይሏ ዓይኖች

ትንሿ መኪና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተነሥታ፣ በወንበሮቹ መሀል አልፋ፣ ሻማው ያለበትን ጣሳ ሄዳ ገጨችው። ለአራተኛ ጊዜ። ዙሀይራ ልታጨበጭብ እጆቿን አነሣች፤ አነሣችና እዚያው ቀሩ። የሳሚ ቀኝ እጅ አንድም ጊዜ ከጃኬቱ ኪስ አልወጣም ነበር።

«ሳሚ፣ ኪስህ ውስጥ ምን አለ?»

«ብርድ ነው ባክሽ።»

ብርዱስ እውነት ነው፤ የሮቤ የኅዳር ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ግን ብርድ አንዱን እጅ መርጦ አይመታም። ዙሀይራ ተጠግታ ኪሱን ዳበሰችው። ሪሞት ነበር።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር አንድ ወር ሙሉ ለፍተዋል። ርእሳቸው «ሚሳይል ዒላማውን እንዴት ያገኛል?» የሚል ነው። ማንበብና ማስረዳት የእሷ፣ መሥራት የእሱ ድርሻ ሆነ። ሳሚ ከተሰበረ መጫወቻ ሞተር አውጥቶ መኪናዋን ገጣጠመ፤ ፊቷ ላይም ብርሃን የሚለዩ ሁለት ጥቃቅን ዕቃዎች በየደ። «ዓይኖቿ» ይሏቸዋል። ብርሃኑ በቀኝ ዓይኗ ሲበረታ ወደ ቀኝ፣ በግራዋ ሲበረታ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ሁለቱም እኩል ሲያዩ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሙቀት ተከታይ ሚሳይልም የአውሮፕላን ሞተር የሚያሳድደው በዚሁ መንገድ ነው፤ በብርሃን ፈንታ ሙቀት ያያል፣ በጎማ ፈንታ በክንፍ ይታጠፋል።

ያስቸገራቸው የክፍሉ መስኮት ነው። የስንዴ ማዳበሪያ ቢቸነክሩበትም ፀሐይዋ መሹለኪያ አላጣችም። ትናንት መኪናዋ ከሰባት ሙከራ አምስቱን ሻማውን ንቃ የመስኮቱን ግድግዳ ነበር የገጨችው።

«ሪሞቱን ካልነካሁት እኮ በራሷ ዓይን ነው የምትሄደው» አለ ሳሚ። «ስትስት ብቻ ነው የማስተካክላት።»

«እኔ ሰው ፊት ቆሜ ‹ራሷ ታገኘዋለች› ልል? ወላሂ ይሄ ውሸት ነው!»

«አባቴ ይመጣል» አለ። ድምፁ ወረደ። «ለአዲስ አበባ ካልተመረጣችሁ ሽቦህንም መበየጃህንም ከቤቴ ታወጣለህ ብሎኛል። ዕቃ መፈታታት ሥራ አይደለም ይላል። ዙሁ፣ በናትሽ። ዛሬን ብቻ።»

አንጀቷን በላው። የእናቷን የሱቅ ሬዲዮ ስንት ጊዜ ከሞት ያስነሣው ይኸው ልጅ ነው። አባቱ አቶ ኃይለየሱስም ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው፣ ልጃቸውም እንደሳቸው ወንበር ይዞ እንዲቀመጥ ይመኛሉ። ለሚመርጡት መምህር ብትናገር ጓደኛዋን አባቱ ፊት ታዋርደዋለች። ዝም ካለች ደግሞ ውሸቱ የሚወጣው ከእሷ አፍ ነው። ምን ይሻላታል?

አራት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞላ። አቶ ኃይለየሱስ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። አዲስ አበባ የሚሄደውን ቡድን የሚመርጡት የፊዚክስ መምህሩ ጉርሜሳ ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«ሜ፣ ጀምሩ እስቲ!»

ዙሀይራ ጀመረች። ስለ ሙቀቱ ተናገረች፣ ስለ ክንፎቹ ተናገረች፤ መምህሩም «ባዬ ጋሪዳ፣ በጣም ጥሩ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን መኪናችን...» ልትል ደብተሯን ስትገልጥ፣ ከገጹ ግርጌ ጊዜ ከተረፈ ብላ በእርሳስ የጻፈችውን አንድ መስመር አየች። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«የመጀመሪያዎቹ ሙቀት ተከታይ ሚሳይሎች አንድ ችግር ነበረባቸው» አለች ቀስ ብላ። «አንዳንዴ አውሮፕላኑን ትተው ፀሐይን ይከተሉ ነበር። ዓይናቸው የሚለየው የጋለውን ብቻ ነዋ! ያ ነገር ምን እንደሆነ፣ ውስጡ ማን እንዳለ አያውቅም። መሐንዲሶቹ ይሄን ለማስተካከል ብዙ ዓመት ለፍተዋል።»

ሳሚ ቀና ብሎ አያት። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ዙሀይራ ወደ መስኮቱ ሄዳ የማዳበሪያውን ጫፍ ያዘች።

«ሳሚ፣ ላውርደው?»

ሳሚ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አባቱን አየ። ማዳበሪያው ቢወርድ መኪናዋ የት እንደምትሄድ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሪሞቱን ከተጫነ ወደ ሻማው ትሄድለታለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

እጁን ከኪሱ አወጣ። ሪሞቱን መምህር ጉርሜሳ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አውርጂው» አለ።

ፀሐይዋ ክፍሉን ሞላችው። መኪናዋ ትንሽ ወደ ሻማው ሄደች፣ ወዲያው ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መስኮቱ ሮጠች። ተማሪው በሳቅ አውካካ። አቶ ኃይለየሱስ ግን አልሳቁም። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት፤ ግድግዳውን ስትገጭም ጎንበስ ብለው አነሷት። ጎማዎቿ እጃቸው ላይ ይሽከረከራሉ።

«ሻማውን ትታ ለምን ወደዚህ መጣች?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁት።

ሳሚ መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ መኪናዋን ከእጃቸው ሳይወስድ፣ ዓይኖቿን በጣቱ ያሳያቸው ጀመር።