ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

ከሙጀሂድ የለየኝን ክፉ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምረግመው አላጣም። የለያዩን ግን የሚወዱን ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ።

በ1993 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ሠራተኛ ነበርኩ። የዝናቡን መጠንና የሰብሉን ሁኔታ እመዘግብና በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በመገናኛ ሬዲዮ ለደሴ እናገራለሁ። ባልደረቦቼ አራት ናቸው፦ አለቃችን ጋሽ አበጋዝ ደሴ ከተማ፣ ቢሻው ኩታበር ላይ፣ ኪዳን አጅባር ላይ፣ ሙጀሂድ ደጎሎ ላይ። አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማል፤ የአንዱን ፊት ግን ሌላው አያውቀውም።

ይኼ ነገር ጋሽ አበጋዝን ይከነክናቸው ነበር። አንድ ቀን መላ አመጡ። ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ፣ ሬዲዮው ሳይዘጋ፣ በየተራ ስለ ራሳችን እንድናወራ። በአገራችን ጎረቤት እስላም ክርስቲያን ሳይል ሙት የሚቀብርበት፣ የወደቀ የሚያነሳበት ማኅበር አለ፤ ቅሬ ይባላል። የእኛንም ቅሬ አልነው። የቢሻው ልጅ ኩፍኝ የያዛት ሰሞን ከዝናቡ በፊት የምንጠይቀው ስለ እሷ ነበር። የኪዳን እናት ያረፉ ጊዜ ሁላችንም አጅባር ድረስ ሄደን ቀበርን።

ሙጀሂድን በዐይኔ ያየሁት እዚያ ለቅሶ ላይ ነው። ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ዝቅ ብሎ አየኝና፣ በድምፄ ረጅም መስዬው እንደነበር ነገረኝ። እኔም እሱ ባለ ሽበት መስሎኝ ነበር አልኩት። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነውና ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ከዚያ በኋላ የቅሬው ተራ የእሱ የሆነ ቀን ሻሼን አስተካክዬ ሬዲዮው ፊት እቀመጥ ጀመር። ማን ሊያየኝ ነው? እናት አባቱ በልጅነቱ እንደሞቱበት፣ እህቱ ኮምቦልቻ ጉሊት ቸርችራ እንዳስተማረችው የሰማሁት ሦስት ሰው አብሮኝ እየሰማ ነው። እኔ ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ ያህል ይዤው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

በክረምቱ ደሴ ለስብሰባ ተጠራን። በማግስቱ ማለዳ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሸኘኝ።

«ፈዲላ፣ ሽማግሌ የሚልክልኝ አባት የለኝም» አለኝ። «ያለኝ ወገን ቅሬው ነው። እነሱን ብልክ አባትሽ ይቀበላሉ?»

«አባቴ በአንድ ጊዜ እሺ አይሉም።»

«ሦስቴም ይመላለሱልኛል።»

ቀና ብዬ ሳላየው አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። መልሴ ገብቶታል።

በኅዳር ጋሽ አበጋዝ፣ ቢሻውና ኪዳን ቤታችን መጡ። ልጆች ሰብስበው ቁርኣን የሚያስቀሩት አባቴ ሼህ ኸይሩ በወግ ተቀበሏቸው፤ ቃላቸውን ሰሙ፤ ከዚያም ከወገን እስኪመክሩ ሄደው እንዲመለሱ ነገሯቸው። ይኼ እምቢታ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያራከሰ ይመስላል። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ አባት ይለሳለሳል፣ ወጉ ይኸው ነው።

ሲለያዩ ጋሽ አበጋዝ፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ከሦስቱ የተመቸው ሌሎቹን ቀስቅሶ ይመለስ አሉ። የሥራችንም ደንብ እንዲሁ ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ ዘር ሲዘገይ «የተመቸው ይነሳ» ይባላል፤ አንዱ በሬዲዮ «እኔ አለሁ» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። አንድም ቀን ከሽፎብን አያውቅም።

የእኔን ጉዳይ ግን በሬዲዮ ማንሳት አልተቻለም። እኔ እሰማለኋ! ሙሽሪት ቁጭ ብላ እየሰማች ስለ እሷ ሽምግልና ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ አከበሩኝና ዝም አሉ። ቢሻው፣ ኪዳን ለመካነ ሰላም ይቀርባል፣ እሱ ይዞታል አለ። ኪዳን፣ ቢሻው በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እሱ ይጠራኛል አለ። ጋሽ አበጋዝ ሥራውን ለሁለቱ የሰጡ መሰላቸው። ሙጀሂድ ለሦስት ወር ሥልጠና ባሕር ዳር ነበር፤ ደሴ ስልክ ደውሎ ሲጠይቃቸው «አታስብ፣ ተይዟል» ብለውታል።

እኔ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር እነሳለሁ። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ፤ ወሩ አለፈ። በየጠዋቱ ደህንነቴን ይጠይቁኛል፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቃል የለም። ሙጀሂድ ሐሳቡን ለውጧል፣ እነሱም ፊቴን አፍረው ነው አልኩ። ልቤ ቆሰለ፤ ጆሮዬ ግን ከበሩ አልተለየም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ኩራትም ነበረብኝ።

በጥር የአቀስታ ሽማግሌዎች ለአንድ አስተማሪ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁለተኛም ተመለሱ። ሦስተኛም መጡ። አባቴ ጠርተው ጠየቁኝ፤ «የፊተኞቹ ንቀውን ቀሩ። እነዚህን ምን ልበላቸው፣ ልጄ?»

ዝም አልኩ። በእኛ ዘንድ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። ኒካሕ ታሰረ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሙጀሂድ ከሥልጠናው ተመልሶ ሬዲዮው ላይ ነበር። ድምፁን ስሰማ ሻሼን አስተካከልኩ። ሪፖርቱ አለቀ። የቅሬው ተራ ለእሱ ተሰጠው።

«ፈዲላ እየሰማች እጠይቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። «የሼህ ኸይሩ መልስ ምን ሆነ?»

ጋሽ አበጋዝ ቢሻውን ጠሩ። ቢሻው፣ ኪዳን ሄዶ እንደሆነ ጠየቀ። ኪዳን፣ ቢሻው ይጠራኛል ብሎ ይጠብቅ እንደነበር ተናገረ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«ኒካሕ ከታሰረልኝ ስምንት ቀኔ ነው» አልኩ።

ሙጀሂድ፣ «ሰምቻለሁ። አላህ ያሳምርልሽ» አለ። ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም። የጋሽ አበጋዝ ለቅሶ ግን ሁላችንም ጋ ተሰማ።

በሳምንቱ ሦስቱም ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። ገና ወደ ባሌ ቤት አልሄድኩምና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እሺታዬን ይዤ ነበር የጠበቅኳችሁ» አሏቸው። «አንድ ቀን ብቻ ብትመለሱ ኖሮ።»

ያገባሁት ሰው ደግ ነው፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። ሙጀሂድ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኩም። ቅሬውም ከዚያ ወዲህ አልተቀመጠም። ሪፖርት ብቻ ሆነ።

እንግዶቹ የሄዱ ዕለት አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዐይናቸው ቀልቷል።

«እኔ ስጠይቅሽ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። «እሱን እወዳለሁ፣ ጥቂት ይጠብቁልኝ ብትይኝ እምቢ እልሽ ነበር?»

«አይሉም ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ?»

«ከእነሱ አንዱ ይመጣል ብዬ ነው» አልኳቸው።